ጋሼን የሸኘሁበት ተዳፋት

ወንድሜን የገደለው በረዶ ነው። በረዶውን የቀሰቀስኩት ግን እኔ ነኝ። ይህን እያወቅኩ፣ ሰው ሁሉ ልጄን ሲወቅስ ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። የእኔ ዝምታ ግን ልጄን በላት።

ሁሉንም እንደሆነው እናገራለሁ። ማሳመር አልችልበትም። ከድሮም ቁጡ ነኝ፤ ቁጣዬ አሁንም አልበረደም፣ ዞሮ እኔው ላይ ነው የወደቀው።

ጋሼ በዐሥራ ሦስት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ገና በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደገኝ እሱ ነው። ማሳደግ ስል ደብተር መግዛትም ነው፣ በቀበቶ መግረፍም ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ጠፍቼ ኳስ ስራገጥ ያዘኝና ከሜዳው እስከ ቤታችን እየገረፈ ወሰደኝ። ሲመሽ ያበጠ ጀርባዬን በቅቤ እያሸ እሱ ራሱ አለቀሰ። የኛ ቤት ፍቅር እንደዚያ ነበር፣ ዱላና ቅቤ። አሜሪካም ቀድሞኝ ገብቶ ያስመጣኝ እሱ ነው። ዳውንታውን ዴንቨር፣ ከአንድ ረጅም ሕንፃ ስር፣ ፀሐይ በማያየው የመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ የመስታወት ክፍል ተቀምጦ ትኬት ሲቀበል ኖረ። ጡረታ ሲወጣ ጉልበቱ አልቆ፣ ሳንባው የመኪና ጭስ ጠጥቶ ነበር።

ያኔ ነው ስለ ተራራው ማውራት የጀመረው። ፓርክ ሂል በሚባለው ሰፈር ካለው ቤቱ ደጃፍ ላይ ሲቆም፣ በስተ ምዕራብ ነጩ ተራራ ወለል ብሎ ይታየዋል። "ይህን ሁሉ ዘመን ከምድር በታች ኖሬ፣ አንድ ቀን ሳልረግጠው ልሙት?" ይል ነበር። እኔም "ጋሼ፣ በዚህ ጉልበትህ? ተራራው ወደ አንተ ይምጣ እንጂ" እያልኩ አሾፍበታለሁ።

እኔ ራሴን በረዶ አዋቂ አድርጌ ነበር የምቆጥረው። ሥራዬ ከኤርፖርት ቱሪስት ጭኖ ተራራ ላይ ወዳሉት ከተሞች ቫን መንዳት ነው። ክረምት ሲበረታ አንዳንድ ጠዋት መንገዱን ይዘጉታል፤ ከመንገዱ በላይ የተቆለለውን በረዶ በፈንጂ ያወርዱታል። እኛ ታች ተደርድረን እንጠብቃለን። መጀመሪያ ፍንዳታው ይሰማል፣ የቫኑ መስታወት ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ነጭ አቧራ ከአናት ተነስቶ ይንከባለላል። ቱሪስቶቹ ስልካቸውን አውጥተው ያጨበጭባሉ። መንገዱ ይጠረግና እናልፋለን። እኔ ያየሁት ናዳ ይኸው ነበር፤ ሰው ያዘዘው፣ ሰው የጠበቀው። አጥር ውስጥ ያለ አንበሳ ያየ ሰው አዳኝ ነኝ እንደሚለው ነው።

በረዶን የምታውቀው ልጄ ነበረች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ዴንቨር ዳር፣ አውሮራ ነው፤ ሌክውድ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች። ቅዳሜና እሑድ ከጓደኞቿ ጋር ሰው ወደ አናቱ የሚያመላልስ ሊፍት ወደሌለበት፣ ማንም ፈንጂ ወደማይወረውርበት፣ ማንም ወደማይጠብቀው ተራራ ትወጣለች። ኮርስ ወስዳለች። በየጠዋቱ ፊቷን ሳትታጠብ ስልኳን ከፍታ የዕለቱን የናዳ ትንበያ ታነባለች፤ ነፋሱ ከየት እንደነፈሰ፣ የትኛው ጎን እንደተጫነ። እናቷ "ይቺ ልጅ ዳዊት ትደግማለች ወይስ ምንድን ነው?" ትላት ነበር።

ጋሼ እኔን ለምኖ ሲሰለቸው እሷን ለመነ። እሷ ደግሞ ለጋሼ እምቢ ማለት አትችልም። ቀላል መንገድ መረጠችለት፤ አብዛኛው በዛፎች መካከል የሚሄድ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ግን ከመሄዳችን በፊት ሁለታችንንም አውሮራ ቤታችን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ አስተማረችን።

ትሪ ላይ ስኳር አፈሰሰችና እኩል አድርጋ ዘረጋችው። በላዩ የሽንኩርት መክተፊያውን አስቀመጠች።

"ጋሼ፣ ስኳሩ በመጀመሪያ የወረደው ስኖው ነው" አለች። "ከታች ዊክ ነው፣ እርስ በርሱ አይያያዝም። መክተፊያው ደግሞ ከላይ ነፋስ ያመጣው ነው፣ ሃርድ ነው። ስትረግጠው ጠንካራ ይመስልሃል።"

ትሪውን ቀስ ብላ አዘነበለችው። መክተፊያው አልተንቀሳቀሰም።

"አሁን አንድ ሰው አስቀምጥበት።"

ጋሼ የሻይ ስኒውን አስቀመጠበት። ቆመ። እኔ ላስቃቸው ብዬ የራሴን ስኒ አጠገቡ ጣል አደረግኩ። መክተፊያው ከነስኒዎቹ ተንሸራትቶ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ፣ ትኩሱ ሻይ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። ጋሼ እስኪያስለው ሳቀ። ልጄ አልሳቀችም።

"ስለዚህ አንድ በአንድ ነው" አለች። "ተዳፋት ስንሻገር አንድ ሰው ብቻ ይሄዳል፣ ሌላው ቆሞ ያየዋል። ሴፍ ቦታ ሲደርስ እጁን ወደ ላይ ያነሳል። እጅ ሳታዩ ማንም አይንቀሳቀስም። ፕሮሚስ?"

"ፕሮሚስ የኔ ልጅ" አለ ጋሼ። እኔ ሱሪዬን እየጠረግኩ "እሺ፣ እሺ" አልኩ።

እሺ ማለት ቀላል ነው። እኛ ግን ሰው ብቻውን ሲሄድ ቆሞ ማየት አናውቅበትም። ጋሼ ቤቴ እራት በልቶ ሲነሳ እስከ መኪናው እሸኘዋለሁ። መኪናው ጋ ስንደርስ እሱ "በል ልመልስህ" ብሎ እስከ ደረጃው ይመለሳል። ከደረጃው እንደገና እሸኘዋለሁ። በዚያ ብርድ፣ በአፓርትመንቱ ፓርኪንግ፣ ስንመላለስ ጎረቤቶቻችን የሆነ ነገር የጠፋብን ይመስላቸው ነበር። ልጄ ከመስኮት ሆና ትስቅብናለች።

የካቲት ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ሄድን። ልጄ ከጓደኞቿ ቢከን ተውሳልን ነበር፤ ደረት ላይ የሚታሰር፣ ሳያቋርጥ ምልክት የሚልክ ትንሽ መሣሪያ ነው። ሰው በረዶ ሥር ሲቀበር የቀሩት የራሳቸውን ወደ ፍለጋ አዙረው በምልክቱ ያገኙታል። ማዞሪያውን አሳየችን፣ እያንዳንዳችንን ሁለት ሁለት ጊዜ አለማመደችን። እኔ በሁለተኛው ላይ ስልክ እያወራሁ ነበር።

አደገኛው ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ ዛፍ የሌለበት ተዳፋት፣ ስፋቱ የኳስ ሜዳ እኩሌታ ቢሆን ነው፤ ከሥሩ ጠባብ ስርጥ አለ። ጠዋት አንድ በአንድ ተሻገርነው። ልጄ ቀድማ አለፈችና ከወዲያ ማዶ እጇን አነሳች። ጋሼ እግሩ ላይ ያሰረችለትን ሰፋፊ የበረዶ ጫማ እየጎተተ ተሻገረ፤ ሲደርስ ማራቶን እንዳሸነፈ ሰው ሁለት እጁን ሰቀለ። እኔም "ሰልፍ ነው እንዴ?" እያልኩ ተከተልኩ። ምንም አልሆነም። ያ ጠዋት ምንም አለመሆኑ ልቤን አሳበጠው።

ከማዶው ሜዳ ላይ ተቀምጠን ጋሼ ከኪሱ ቆሎ አወጣ። ዙሪያውን ተራራ ነው። ቆሎውን በመዳፉ ይዞ ሳይበላ ቆየ። "ይሄን ያህል ሰፊ ነው እንዴ?" አለ። ዐይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ብርዱ ነው አለን።

ነፋስ ተነሳ። ልጄ ተዳፋቱን ልታይ ሄዳ ስትመለስ ፊቷ ተለውጧል።

"በዚያ አንመለስም" አለች። "ነፋሱ ከሪጁ፣ ከተራራው አናት ወዲያ ያለውን ስኖው እያመጣ እዚህ ጎን እየጫነው ነው። በዛፎቹ ውስጥ ዞረን እንወርዳለን። ሁለት ሰዓት ይጨምራል።"

"እንደምትይው ይሁን" አለ ጋሼ ጉልበቱን እያሸ። ጉልበቱ ከሱሪው ውጪ እስኪታይ አብጦ ነበር።

እኔ ፈነዳሁ። "ሁለት ሰዓት? በዚህ ጉልበቱ? ጠዋት ያለፍንበት መንገድ ምሳ ሳንበላ ተሰረቀ እንዴ? እኔ በዚህ ተራራ ስመላለስ አንቺ ዳይፐር ነበር የምትለብሺው! የሁለት ቀን ኮርስ ወስደሽ በረዶ ልታስተምሪኝ?"

"አባዬ፣ ፕሊስ። ሊስን ቱ ሚ።"

"አባትሽ ነኝ! ተናግሬአለሁ!"

እሷና ጓደኞቿ አንድ ሕግ አላቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ ፈራሁ ካለ ሁሉም ይመለሳሉ፣ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ነግራኝ ታውቃለች። በእኔ ቤት ግን አባት ከተናገረ አበቃ። እንደዚያ አድርጌ ነው ያሳደግኳት። ለሰውም "አሜሪካ ተወልዳ ቃል አትመልስልኝም" እያልኩ እኩራራባት ነበር። እዚያ ተራራ ላይ፣ እውቀቱ ሁሉ ያለው እሷ ጋ ሆኖ፣ አንገቷን ደፋች።

"እሺ" አለች። "ግን አንድ በአንድ። እጅ ሳታይ አትንቀሳቀስም።"

እሷ ቀድማ ተሻገረችና ከዛፎቹ ሥር ቆማ እጇን አነሳች። ጋሼ ገባ። ዱላውን እየተከለ አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ ያርፋል። መሐል ሲደርስ ቆመ። ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ያዘ፣ ዞር ብሎም አየኝ። አልጠራኝም። እምላለሁ፣ አልጠራኝም። ግን ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱ ከድቶታል፣ ብቻውን ቆሟል፤ እኔ ደግሞ ዛፍ ተደግፌ አየዋለሁ። ያሳደገኝን ሰው!

ገባሁ።

"አባዬ! ስቶፕ! ስታይ ዴር!" ልጄ ከማዶ ጮኸች። እጆቿን ደጋግማ ወደ ፊት ትገፋለች፣ ተመለስ ማለቷ ነው። "አባዬ፣ ኖ! ኖ!"

አልሰማኋትም አልልም። ሰምቻታለሁ። ደርሼ የጋሼን ክንድ ያዝኩ።

"ምን አመጣህ?" አለኝ። "ሂድ ተመለስ፣ ልጅቷ ትቆጣለች።"

"ልሸኝህ" አልኩት።

ፈገግ አለ። ከዚያ ከእግራችን በታች ድም! የሚል ድምፅ ተሰማ። የታፈነ፣ ከባድ ድምፅ ነው፤ ጆሮዬ ሳይሆን ሆዴ ነው የሰማው። መሬቱ ወደ ታች ዝቅ አለ። ቀና ስል ከበላያችን በረዶው ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቆ፣ ስንጥቁ ሲሮጥ አየሁት። ከዚያ መሬት የሚባል ነገር አልነበረም።

በአፍጢሜ ተደፋሁ። ጠረጴዛ የሚያካክሉ ቁራጮች ጀርባዬን ይደበድቡኛል፣ እግሬን የሆነ ነገር ጠምዝዞ ሰበረው፣ አፌ በበረዶ ተሞላ። የጋሼን ክንድ አልለቀቅኩም ብዬ ነበር። የቀረኝ ጓንቱ ብቻ ነው። አንዴ ሰማይ አየሁ፣ አንዴ ጨለማ። እንደገና ሰማይ ሳይ ቆምኩ፤ እስከ ደረቴ ተቀብሬአለሁ፣ ግራ እጄ ከውስጥ ነው። በዙሪያዬ ያለው በረዶ ሲሚንቶ ሆኖ ነበር። ጋሼ የለም። ከእኔ በታች ያለው ስርጥ እስከ ገደፉ ሞልቷል።

ልጄ ቁልቁል እየተንከባለለች መጣች። ቢከኗ በእጇ ይጮኻል። ምልክቱ ግን ወደ እኔ ነው የመራት፣ የእኔው ቢከን ገና እየላከ ነበርና።

"ኦፍ አድርገው! ቢከኑን ኦፍ አድርገው!"

እኔ መቼ ሰማሁ! በነፃው እጄ እግሯን ጨመደድኩ። "አውጪኝ! እግሬ ተሰብሯል፣ አውጪኝ!"

"አባዬ፣ ልቀቀኝ! ጋሼ እየታፈነ ነው!"

አልለቀቅኩም። ጣቶቼን አንድ በአንድ ልታላቅቅ ሞከረች፣ እኔ ይብስ አጠበቅኩ። ያኔ በጫማዋ ደረቴን ረገጠችኝ። እንደገናም ረገጠችኝ። ትንፋሼ ተቋርጦ እጄ ሲላላ፣ ቢከኑን ከደረቴ በጥሳ አጠፋችውና ወደ ስርጡ ሮጠች።

እኔ ደግሞ ከኋላዋ ረገምኳት። "የእጅሽን ይስጥሽ! አንቺ ልጄ አይደለሽም! ሁለተኛ አባቴ ብለሽ እንዳትጠሪኝ!" የአባት እርግማን ምን እንደሆነ የምናውቅ እኛ ነን። ወንድሜ ከበረዶ ሥር፣ ልጄ ከበላዩ፣ እኔ የምናገረው ይኼንን ነበር።

ቢከኗን መሬት አስጠግታ ወዲያ ወዲህ አለች። የሚታጠፈውን ረጅም ዘንግ አውጥታ ወጋች፣ ወጋች፣ ወጋች። አራተኛው ላይ ዘንጉ ቆመ። አካፋዋን ይዛ መቆፈር ጀመረች። በእያንዳንዱ አካፋ ትጮኻለች፤ ልቅሶ አይደለም፣ አውሬ የሚያወጣው ድምፅ ነው። የሲሚንቶ ያህል የጠነከረውን በረዶ እየፈለጠች ወደ ኋላዋ ትወረውራለች። እስከ ወገቧ ገባች። እኔ እዚያው እንደ ችካል ተተክዬ አያለሁ። ስንት ጊዜ እንደፈጀባት አላውቅም። እግሯን ይዤ ያቆየኋት ግን ከዚያው ጊዜ ላይ የተቀነሰ ነው፤ ይህን አውቃለሁ።

በኮሌታው ጎትታ እስከ ደረቱ አወጣችው። ፊቱ አመድ መስሏል። አፉ ውስጥ የተጠቀጠቀውን በረዶ በጣቷ ጎልጉላ አወጣች፣ ተነፈሰችለት፣ ደረቱን መጫን ጀመረች። በእንግሊዝኛ ትቆጥራለች። የጎድን አጥንቱ ቋ ብሎ ሲሰበር እኔ እዚያ ሆኜ ሰማሁት። አላቆመችም። ሌላም ተሰበረ። አላቆመችም። ጩኸት ሰምተው ሁለት የበረዶ ሸርታቴ ሰዎች ሲደርሱ እጇ ደምቶ ነበር። አንደኛው ተቀበላት፣ ሌላኛው እኔን ቆፍሮ አወጣኝ። የጠሩት ሄሊኮፕተር ሲመጣና ባለሙያዎቹ በመጨረሻ እጃቸውን ሲያነሱ፣ ጋሼ በጀርባው ተንጋሎ፣ ቀኝ እጁ ያለ ጓንት ነበር። ከኪሱ የፈሰሰው ቆሎ በረዶው ላይ ተበትኗል።

ጓንቱ እኔ እጅ ነበር።

አንድ የነፍስ አድን ሠራተኛ ምን እንደተፈጠረ ልጄን ጠየቃት። አጠገቧ በቃሬዛ ተኝቻለሁ። ገና ደረቷ እየተርገበገበ "ወደዚህ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ" አለችው። "ዲሲዥኑ የእኔ ነበር።" ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ዐይኔን ጨፈንኩ።

ለቅሶው ፓርክ ሂል፣ ጋሼ ቤት ነበር። እግሬ በጄሶ ታስሮ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፤ የጋሼ ሚስት በእጇ እያጎረሰች ታጽናናኛለች፤ የገባው ሁሉ ለእኔ ያዝናል። "እግዜር አተረፈህ!" ይለኛል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዝቅ ያላለ ድምፅ ነው ታዲያ፣ "ሽማግሌ ሰው በረዶ ላይ ምን ይሠራል? የዛሬ ልጆች!" ይላል። አንዲት አሮጊት ጭራሽ እዚያው መሐል ቤት "ይቺ ልጅ አጎቷን በላች" አሉ። ልጄ ውኃ እያደለች ነበር።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፣ አባት ምን ይላል ብሎ።

"ተዉአት" አልኩ። "ልጅ ናት። ምን ታውቃለች።"

ሰዎቹ ደግነቴን አደነቁ። ከንፈር መጠጡ። ልጄ ትሪውን ቀስ ብላ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ኮቷን ለብሳ ወጣች። በማግስቱ ልብሷን በሻንጣ ይዛ ሌክውድ ወደምትኖር ጓደኛዋ ሄደች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት ይህንን ነው፤ እኔ ግን ከቆጡም አላወረድኩም።

ቀብሩ አለፈ። በሠልስቱ ዋዜማ ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የደረቴን ፋሻ እያስተካከለች፣ ቀና ሳትል "ይቺን ልጅ አውቃታለሁ" አለችኝ። "አንተንም አውቅሃለሁ።" ፋሻውን ጥብቅ አድርጋ አሰረችው፤ አመመኝ።

ሠልስቱ አውሮራ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ነበር። ቀትር ላይ ነው፣ ጸሎቱ አልቆ ሰው ምሳ እየበላ። ልጄ በሩ አጠገብ፣ የውኃ ካርቶኖቹ ጋ ብቻዋን ቆማለች። እኔ ያለሁበት ጠረጴዛ ላይ እንደገና ሲያነሷት ሰማሁ። "ጋሼን ያህል ሰው..." ሲሉ፣ በክራንቹ ጠረጴዛውን መታሁት። ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ።

"የገደልኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

ሐዘኑ አናቱ ላይ ወጥቶ ነው ብለው ሊያስቀምጡኝ ተነሱ። "አትንኩኝ!" ብዬ ጮህኩ። "ልጄ በዚያ አንመለስም ብላለች። እኔ ነኝ አባትሽ ነኝ ብዬ አፏን የዘጋሁት። አንድ በአንድ ብላለች። እኔ ነኝ ልሸኘው ብዬ የገባሁት፤ በረዶው የተናደው የሁለት ሰው ክብደት ሲያርፍበት ነው። ከዚያ ልታወጣው ስትሮጥ እግሯን ይዤ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። በላዩም ረግሜአታለሁ። ጥፋቷ አባቷን መስማቷ ብቻ ነው።"

የመጀመሪያዋ የተነሳችው የጋሼ ሚስት ነበረች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወደቀ። መጥታ በጥፊ መታችኝ፣ ከዚያ በሁለት እጇ ደረቴን ደበደበችኝ፤ ልጄ የረገጠችኝ ቦታ ገና አልዳነም ነበር። "እኔ ቤት ተቀምጠህ! እያጽናናሁህ! እጄ እያጎረሰህ!" ክራንቹን ነጥቃ ወረወረችው። ሰው ሊይዛት ሲሞክር "ተዉአት" አልኩ። ይኼኛው "ተዉአት" እውነተኛ ነበር። እስኪደክማት መታችኝና መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ባለቤቴ አቅፋት አብራት ተቀመጠች።

በሩን ሳይ ልጄ የለችም። አንዱን ክራንች አንስቼ ወጣሁ። ፀሐይ ነበር፤ ፓርኪንጉ ዳር የተጠረገው በረዶ ተቆልሎ ይቀልጣል፣ አስፋልቱ ላይ በረዶ የሠራ ቦታ አለ። ደረጃው ሥር ደረስኩባት።

"እርግማኑን አንስቻለሁ" አልኳት። ትንፋሽ አጥሮኛል። "ከልቤ አልነበረም። እዚያ በረዶ ውስጥ ያልኩትን..."

"አባዬ፣ እሱን እኮ አልያዝኩብህም" አለች። አማርኛዋ ቀስ ያለ፣ ጥንቃቄ ያለበት ነበር። "እዚያ ፈርተህ ነው። እኔን የጎዳኝ 'ልጅ ናት' ያልከው ነው። ፈርተህ አልነበረም ያልከው።"

ከቦርሳዋ ቁልፏን አወጣች። መኪናዋ ከፓርኪንጉ ማዶ ነው፣ መንገዱ ያዳልጣል። አንድ እርምጃ ስትሄድ፣ አፌ ሳላዘው፣ እንደ ልማዱ፣ "ቆይ፣ ልሸኝሽ" አለ።

ዞረች። መዳፏን ዘርግታ ወደ እኔ ገፋችው፤ ተዳፋቱ ላይ ከማዶ ሆና እንዳደረገችው።

"እዚያው ቁም፣ አባዬ።"

ቆምኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ብቻውን ሲሄድ ቆሜ አየሁ። በረዶ የሠራውን ቦታ ዞራ አለፈች። መኪናዋ ጋ ደረሰች፣ በሩን ከፈተች፣ ገባች። ሞተሩ ተነሳ። ዐይኔን ሳልነቅል እጇን ጠበቅኩ። መኪናው ቀስ ብሎ ወጣ፣ መብራቱ ጋ ቆመ፣ ወደ ሌክውድ በሚወስደው በኩል ታጠፈ።

ባለቤቴ ከኋላዬ መጥታ ኮቴን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። "ና ግባ" አለችኝ። "ሄዳለች እኮ።"

"እጇን አላነሳችም" አልኳት። "ተራዬ ገና ነው።"